ቁጥሯ ወደ ላይ የተገጠመችው ሳህን

ሾርላይን፣ አሜሪካ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከርመሃል? ዓይንህን አሳክመህ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ተሻለህ? ልጆችህ፣ የልጅ ልጆችህ እንዴት ናቸው? ብስክሌት ቤቱንስ አሁንም አንተው ነህ የምትከፍተው ወይስ ለልጅህ አስረከብክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል እጄ ለምዶ ነው የጻፋት። ደህና አይደለሁም። ከቅዳሜ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመስኩም። ሌሊቱን ሳሎን ውስጥ ስንጎራደድ አነጋለሁ። ጸጋ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ከክፍል ክፍል ትከተለኛለች፤ ነርስ ልጅ መውለድ እንዲህ ነው፣ ድንጋጤህን እንኳ በቁጥር ካልጻፈችው አታምንህም። ስትሮክ ነው ብላ ፈርታለች። ስትሮክ ቢሆን በተሻለኝ።

ሃምሳ አራት ዓመት አንዲት መስመር ያልጻፈልኝ ሰው ዛሬ ምን ቆርጦት ነው ብለህ ፖስታውን ሳትከፍት ልትጥለው ትችላለህ። አይፈረድብህም። ከከፈትከው ግን እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። አድራሻህን የሰጠኝ ገብረሕይወት ነው፣ ያ የመርከባችን የራዲዮ ሰው፣ ሲያስነጥስ የመርከቡን ቀለም የሚያረግፈው። እዚህ ሬንተን ይኖራል። ስልክህንም ሰጥቶኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም ሳይጠራ ዘጋሁት። በስልክ ብትቆጣኝ ማልቀሴ ነው፤ ሳትቆጣኝ ብትቀር ደግሞ እሱ ይብሳል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ።

ነገሩን ያመጣው ዱሬሳ የሚባል ከእኛ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ ጎበዝ ነው። በሙያው ብረት ቆራጭ ነው፤ ሬንተን አውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ባላርድ በሚባለው ሰፈር የአሮጌ ባሕረኞች ማኅበር መጋዘን እየሄደ በነጻ ይለፋል። እና ከዚህ ካለፈው ቅዳሜ በፊት በነበረው እሑድ ከስብከት በኋላ እጄን ይዞ፣ «አባባ፣ እርስዎ ኔቪ ነበሩ አይደል? ሶ፣ እኛ ጋ አንድ የድሮ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ሪስቶር እያደረግን ነው፤ ማኑዋሉ ግማሹ ጠፍቷል። ቅዳሜ ፒክ ላድርግዎት፣ ኦኬ?» አለኝ። ቅዳሜ የእኔ ሥራ የጸጋን ልጅ የሚኪኤላን ኳስ ዝናብ ላይ ቆሞ ማየት ነው። በርቺ እያልኩ ስጮህ፣ ልጅቱ ዞር ብላ በእንግሊዝኛ አያቴ አታሳፍረኝ ትለኛለች። እኔም እንግዲያው ወደሚያከብረኝ ብረት ልሂድ ብዬ እሺ አልኩት።

መጋዘኑ ውስጥ ስገባ ከዓይኔ በፊት ያወቀው አፍንጫዬ ነው። ግራሶና ዝገት ሸተተኝ። ከዚያ አየሁት። የእኛው ዓይነት ነው ወንድሜ! ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን፣ ከሥሩ ያ የሚሽከረከረው ክብ መቆሚያ፣ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ወንበር። ከሆነች የፈረሰች የአሜሪካ መርከብ የተረፈ ነው አሉኝ። እንባዬ መጣ ብዬ አልዋሽህም። እጄን ነው የበላኝ።

የመጋዘኑ አለቃ ላርስ ይባላል። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ከኖርዌይ የመጣ፣ እሱ በጎልማሳነቱ የባሕር ኃይል መድፍ ጠጋኝ የነበረ። ምጽዋ ያሠለጠኑንን ኖርዌጆች ታስታውሳለህ፣ እሺ ከማለታቸው በፊት አየር ወደ ውስጥ ይስቡ አልነበር? ይሄም እንደዚያው ነው። ወሬ ይወዳል፤ እኔም እንደምወድ ታውቃለህ። የእኔ እንግሊዝኛ ሃያ ዓመት ፓርኪንግ ቤት የሰው መኪና ሳቆም የተማርኩት ስለሆነ ሲጎድልብኝ ዱሬሳ ይሞላልኛል።

ላርስ የመድፎቹን ታሪክ እንደ ዘር ቆጠራ ነው የሚያወርደው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ እንዲህ ያለውን መድፍ ሰው በእጁ እያዞረ ነበር የሚተኩሰው፤ አንዱ ወንበር ላይ ያለው ግራና ቀኝ ያዞራል፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሁለቱም በብረት ቀለበት አሾልቀው እያዩ። አውሮፕላኖቹ እየፈጠኑ ሲመጡ የሰው ክንድ አልደርስ አለ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሞተርና ዘይት የሚገፋው ማሽን ገቡበት። ቀጥሎ ደግሞ በጭስና በንዝረት መካከል ያለ ዓይን አልታመን አለ፤ አነጣጣሪውን ከመድፉ አውርደው ራቅ አድርገው አስቀመጡት፤ እሱ መነጽሩን ወደዞረበት መድፉ በራሱ ተከትሎት ይዞር ጀመር። ወንበር ላይ ለቀረው ሰው የተረፈለት የመተኮሻውን ፔዳል መርገጥ ብቻ ሆነ። ላርስ እዚህ ላይ ሲደርስ አየር ሳበና፣ ችግሩ ይህ ሆነ አለ፣ አውሮፕላን ተከትሎ በራሱ የሚዞር መድፍ የገዛ መርከቡን አያውቅም። ስለዚህ ሳህኗን ሠሩለት።

አንተ ይህን ሁሉ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጥከው አንተ ነህ። በተራ የምጽፈው ለራሴ እንዲገባኝ ነው። ሳህን ነበር የምንላት፣ አይደል? ከሻይ ሳህን ሰፋ ያለች ናስ። ጠርዟ አንድ ቦታ ከፍ፣ አንድ ቦታ ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ፤ ከመድፉ ጋር ስትዞር አንዲት ጣት የምታህል ብረት ጠርዟን እየዳሰሰች ትሄዳለች፤ ዝቅ ያለው ጋ ስትደርስ መስመሩ ይቋረጥና የፈለግከውን ያህል ብትረግጥ መድፉ አይተኩስም። ዝቅ ያለው ቦታ መርከቡ ራሱ ያለበት ነው፤ የአዛዡ ማማ፣ ምሰሶው። እያንዳንዷ ሳህን ለአንድ መርከብ፣ ለአንድ መድፍ ተለክታ ነው የምትቆረጠው። ኖርዌጆቹ ለወንበር ሰዎች ሁልጊዜ የሚሏት አንዲት ነገር ነበረች፤ እግርህን ከፔዳሉ አታንሳ፣ ሳህኗ ታውቃለች።

የላርስ መድፍ ሳህን ተበልታ ስለነበር ዱሬሳ ከድሮ ንድፍ ላይ አዲስ ቆርጦላታል፤ ጥሩ እጅ አለው። ቁጥሯንም እንደ ጥንቷ አድርጎ መትቶባታል። ላርስ እጄን አይቶ፣ አንተ ግጠማት አለኝ። እኔም የልጅነት ኩራቴ ተነሳብኝና መጀመሪያ ወለወልኳት፤ ልክ ለባሕር ኃይል ቀን እንደምናደርገው። አሸብርቄ፣ ቁጥሯ ለሚያይ ሁሉ እንዲታይ ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኳትና ቡሎኑን ላጠብቅ ስል ላርስ አየር ሳበ። አይደለም ወዳጄ አለኝ፣ ቁጥሩ ወደ ታች ነው። ገለበጣት።

እኔ ደግሞ እንዴት ዝም ልበል? ተከራከርኩት። ባለሙያ ነኝ አልኩት፣ በገዛ እጄ ገጥሜያለሁ አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም። በኋላ የተሠሩት ሳህኖች ወደ አንድ ወገን ያደላ ችንካር አላቸው፣ በግልባጭ አይገቡም፤ ይቺ ግን የመጀመሪያዋ ዓይነት ናት፣ በሁለቱም ፊቷ ትገባለች አለ። በግልባጭ ከገባች ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ ታደርገዋለች አለ። አላመንኩትም። ስለዚህ እንይ አለኝ። ወለሉ ላይ በጠመኔ የአዛዡን ማማ ሣለ፣ መድፉ ከማማው ኋላ በቀኝ በኩል እንዳለ አድርጎ። እንደ እኛው። መተኮስ ሲፈቀድ የምትበራ አንዲት አምፖል አያያዘ። ሳህኗን በእኔ መንገድ፣ ቁጥሯን ወደ ላይ ገጠምኩ። ዱሬሳ ወንበሩ ላይ ወጥቶ መድፉን በእጅ ማዞር ጀመረ።

አፈሙዙ ወደ መጋዘኑ በር፣ ምንም ወደሌለበት ወደ ቦዩ ውሃ ዞረ። አምፖሏ ጠፋች። ዱሬሳ ወደ ጠመኔው ማማ አዞረው። አምፖሏ በራች።

ክው ነው ያልኩት። ጆሮዬ ውስጥ ነፋስ የገባ ይመስል ድምፅ ሁሉ ራቀ። እንደገና አዙረው አልኩት፤ አዞረው። ባሕሩ ላይ ጠፋች፣ ማማው ላይ በራች። እንደገና አልኩት። ዱሬሳ ፊቴን አይቶ «አባባ፣ ኦኬ ነዎት?» እያለ ከወንበሩ ወረደ። ጥይት ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ላርስ ውሃ አመጣልኝ፤ ምን እንዳየሁ አልጠየቀኝም። ሽማግሌ ጥሩ ነው፣ አይጠይቅም።

ወንድሜ፣ ጥር 1962ን ታስታውሳለህ ብዬ አልጠይቅህም። ኖርዌጆቹ ከሄዱ በኋላ ያንን መድፍ ፈትቶ ሲገጥም የመጀመሪያዬ ነበር። ለባሕር ኃይል ቀን ቁጥር ያለው ዕቃ ሁሉ ቁጥሩ እንዲታይና እንዲያበራ ታዞ ነበር። ሳህኗን ስፈታ ቁጥሯ ወደ ታች እንደነበረ አይቻለሁ። አይቻለሁ እኮ ነው የምልህ! እነዚህ ፈረንጆች ለወግ ግድ የላቸውም፣ ቁጥር ተደብቆ ይገጠማል እንዴ ብዬ ነው በኩራት ያስተካከልኩት። ሻለቃው ሲጎበኝ ክዳኑን ከፍቼ አሳየሁት፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በዓሉ ባለፈ በአራተኛው ቀን ለተኩስ ልምምድ ወጣን። አውሮፕላኑ ጨርቁን ዒላማ እየጎተተ ከኋላችን በቀኝ በኩል መጣ። አንተ ወንበርህ ላይ፣ እግርህ ፔዳሉ ላይ። መድፉ ጀመረ፤ ከዚያ ዒላማው ወደፊት አልፎ ባዶ ባሕር ላይ ሳለ መድፉ ዝም አለ። እኔ ከኋላ ቆሜ ጥይት አቀባዮቹን እንቅልፋሞች እያልኩ ሰደብኩ። አውሮፕላኑ በአፍንጫችን በኩል ወደ ግራ ሲሻገር መድፉ ተከትሎት ዞረ። ማማው ላይ ሲደርስ አፉን ከፈተ። ሳህሌ ባንዲራዎቹን ይዞ እዚያ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ ምልክት ሰጪ ሌላ የት ይቆማል? ሁለት ጥይት ነው። የቀረውን አልጽፈውም፤ አንተም አታነበው።

በማግስቱ ወደብ ላይ መርማሪዎቹ መጥተው መድፉን በባዶው አዞሩት፤ የመፈተኛዋ አምፖል መድፉ ማማው ላይ ሲደርስ ጠፋች። ሳህኗ ደህና ናት ተብሎ ተጻፈ። እንግዲህ የቀረው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ በቀኝ እጅህ በኩል የነበረችው፣ በጭንቅ ጊዜ ሳህኗን የምታልፈው ማለፊያ ቁልፍ። እኔን ጠሩኝ። ምን እንዳልኩ አንተም ቆመህ ሰምተሃል፤ ሳህኗን በገዛ እጄ ገጥሜያለሁ፣ ወልውዬ፣ ቁጥሯን ወደ ላይ አድርጌ፣ ሻለቃው ራሳቸው አይተዋል። ጥፋቴን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ተመጻደቅሁበት፤ ከመርማሪዎቹ አንዱም የገባው የለም። ይህ ሳይበቃኝ ስለ ጠባይህ ሲጠይቁኝ ችኩል ነው አልኩ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል። አንተ አንድ አፍታ አየኸኝ። የምትለምነኝ መስሎኝ ዓይኔን ሰበርኩ። ከዚያ ወደ እነሱ ዞረህ፣ ማለፊያውን የነካሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለበትም አልክ። አራት ዓመት ፈረዱብህ። እኔ በዚያው ወር የባሕር ዳርቻው ጥገና ክፍል አለቃ ሆንኩ፤ ያንን መድፍ ዳግመኛ አልነካሁትም።

አሁን ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝን ስማ። ቁጥሯን ወደ ላይ አድርጌ ከገጠምኳት፣ ማማው ላይ መብራት ነበረባት። በገዛ ዓይኔ አየሁ፤ ሦስቴ አስደገምኩ። ታዲያ በማግስቱ እንዴት ጠፋች? ያን ቀን ወደ ወደብ ስንመለስ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ሰው ሁሉ ሳህሌ ዙሪያ ነበር። አንተ ከመድፉ አልወርድም አልክ፤ አዛዡ ደንግጧል ተዉት አለ። ስትወርድ እጅህ እስከ አንጓው ግራሶ ነበር። አይቼሃለሁ። ሰው ገድሎ እጁን በግራሶ ይታጠባል ብዬ ለገብረሕይወት የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ሬንተን ሄጄ ስጠይቀው እሱም አልረሳውም። ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ግራሶ ምን ያደርግለታል? የሳህኗ ክዳን አራት ቡሎን ነው። መፍቻዬ ከመድፉ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር።

ሳህን ራሷን አትገለብጥም፣ ወንድሜ።

መድፉ ባዶ ባሕር ላይ ዝም ያለ ጊዜ ነው የገባህ፣ አይደል? ወይስ ማማው ላይ ሲጮህ? መልሱን አልፈልግም። እፈልጋለሁም። እንጃ፣ ምን እንደምፈልግ አላውቅም።

እሑድ ሃምሳ አራት ዓመት በትዳር አብራኝ ለኖረችው ለእህትህ ነገርኳት። የሚኪኤላን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ከሳህኗ ጀምሬ እስከ ግራሶው ሳላቋርጥ ነገርኳት፤ እስክጨርስ ድረስ አንድ ሸሚዝ አሥር ጊዜ አጠፈች። ትጮሃለች ብዬ ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ለተኩስ የወጣችሁት በስንት ነበር አለችኝ። በጥር ሃያ አንድ አልኳት። ተቀመጠች። በሃያ ከሰዓት በኋላ የወደቡ በር ድረስ መጥታ አንተን አስጠርታህ ነበር አለች። ለእኔ ገና ያልነገረችኝን፣ ለእናታችሁም ያልነገረችውን፣ ለአንተ ነገረችህ። ሠርጋችን ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ እሷ ሦስት ሳምንቱም ረዝሞባት ነበር። አንተ አይዞሽ፣ ማንም አያስቀረውም አልካት አለችኝ። እውነትም ማንም አላስቀረው፤ ያለ ድግስ፣ ያለ አንተ፣ በቀኑ ተጋባን። ጸጋ በየትኛው ወር እንደተወለደች ታውቃለህ።

ከዚያ ወዲህ እህትህ የሚኪኤላ ክፍል ነው የምታድረው። ምግቤን ታቀርባለች፤ አታናግረኝም። ሰኞ ዕለት ብቻ ማጀት ቆማ፣ ለእኔ ይሁን ለግድግዳው ሳይታወቅ፣ ወንድሜን ለማን ብዬ ነው የጠላሁት አለች። በ1966 እናታችሁ ሲያርፉ አንተ ከእስር በወጣህ በሳምንትህ፣ ፀጉርህ ገና ሳያድግ ወደ ድንኳኑ ስትገባ ፊቷን አዙራብህ አልነበር? ክንዷን ይዤ ወደ ሴቶቹ የወሰድኳት እኔ ነኝ። አንተ በሩ ጋ ከማያውቁህ ሰዎች ጋር ተቀምጠህ፣ የእናትህን ንፍሮ ሳትቀምስ ሄድክ። ነፍሰ ገዳይ አጠገብሽ አይቀመጥም ያልኳት እኔ ነኝ። ነፍሰ ገዳዩ ክንዷን ይዞ ነበር።

ተናድጄብሃለሁም። አዎ፣ ልናደድብህ መብት የለኝም፤ ቢሆንም ተናድጃለሁ! ማን ለመነህ? ልጅቱ አባት እንዲኖራት ብለህ ከሆነ፣ ያቆየህላትን አባት እየው እስቲ። ችኩልነት ሰው ያስገድላል እያልኩ አንተን ምሳሌ አድርጌ ነው ያሳደግኳት። አንድ ቀን አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ሄጄ እኔ ነኝ እል ነበር ብዬ ልጽፍልህ ጀምሬ ሰረዝኩት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አዲስ ማዕረግ ሸትቶኝ ነበር። አላውቅም። አንተ ግን ሳታውቅ አልቀረህም፤ ለዚያ ነው መሰለኝ ያልነገርከኝ። ከሁሉ የሚያመኝ ይሄ ነው።

ጸጋ ስለ መድፉ ታውቃለች፤ ነግሬአታለሁ። መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጄን ያዘች። አጎቷን ምን ብላ እንደምትጠራው ጠየቀችኝ፤ ጋሼ በይው አልኳት። የቀረውን እናቷ ስትፈልግ ትንገራት። እህትህ ከትናንት ጀምሮ ሻንጣ አውርዳለች። ውጪው ዝናብና ብርድ ነው፣ እሷ የምትከተው ስስ ቀሚስና ነጠላ ጫማ ነው። ወዴት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። እኔ አልመጣም። ፊትህ ለመቆም ገና አቅም የለኝም፤ ጥራኝ ካልከኝ ግን በሁለተኛው ቀን እደርሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሳህሌ ታናሽ እህት ወይዘሮ ገንዘብ በሕይወት አለች፤ ደሴ ናት፣ ገብረሕይወት በየዓመት በዓሉ ይደውልላታል። በቀብሩ ላይ ስምህን እየጠራች ስትረግምህ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ዘርህ አይባረክ ስትል አሜን ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ገብረሕይወት እንደነገረኝ ዛሬም ሰባ አንድ ዓመት ሆኗት የሳህሌ ሙት ዓመት በደረሰ ቁጥር ትደግመዋለች። ለእሷም ጽፌአለሁ፤ ስለ ሳህኗ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ምርመራው ላይ ስለተናገርኩት። ስለ ግራሶው እጅህ አልጻፍኩም፤ እሱ የአንተና የእግዚአብሔር ነው። ሳህኗን በግልባጭ የገጠምኩት እኔ መሆኔን፣ አንተ ማለፊያውን እንዳልነካህ፣ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ አድርጌ ፈርሜ ጻፍኩላት።

ያንን ደብዳቤ ማክሰኞ ማለዳ በፈጣን ፖስታ ላክሁ። የአንተን ዛሬ በተራው ፖስታ የምልከው ሆን ብዬ ነው። አውቅሃለሁ፤ ቀድሞ ቢደርስህ ገብረሕይወት ጋ ደውለህ፣ ሽማግሌዎች ነን፣ የሞተው ሞቷል፣ ተውት ይቅር ትል ነበር። አሁን አይቀርም። ይህን ስታነብ ገንዘብ ያኛውን አንብባ ጨርሳለች። ዘንድሮ ጥር ሲመጣ የምትጠራው የእኔን ስም ነው።

ከእኔ አፍ የሚወጣ ምርቃት ይሠራ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሌላ የምልክልህ የለኝም። እግዚአብሔር ዓይንህን ያብራልህ። ዘርህ ይባረክ፤ የልጅ ልጆችህ በስምህ ይኩሩ። የቀረው ዕድሜህ ማንም አንገትህን የማያስደፋህ ዕድሜ ይሁን። አሜን በልልኝ።

የእህትህ ባል